ስንት ገጽ ጻፍሽ?

የሰፈራችን ነርስ የአይኤልትስ የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤቷን ይዛ ለሁለተኛ ጊዜ መጣች። ማዳመጥ 7፣ ንባብ 7.5፣ ንግግር 7። ጽሑፍ 5.5። የእንግሊዝ የነርሶችና አዋላጆች ምክር ቤት በሦስቱ 7፣ በጽሑፍ 6.5 ይፈልጋል። በአንድ ነጥብ ቀረች ማለት ነው፤ ያውም ባለፈውም በቀረችበት ቦታ። ወንበሩ ጫፍ ላይ እንደተቀመጠች «ጋሼ፣ እንግሊዝኛ አልችልም ማለት ነው?» አለችኝ።

መልሱን እኔም አላውቀውም ነበርና ጥያቄዋን በጥያቄ መለስኩ። ሦስት ወር ሙሉ ተዘጋጅተሻል። በሦስት ወር ውስጥ ስንት ገጽ ጻፍሽ?

ስልኳን አወጣች። ከቴሌግራም ያወረደቻቸው አሥራ አንድ ፋይሎች፣ «ባንድ 9» ተብሎ የተጻፈባቸው ናሙና ድርሰቶች፣ በቃሏ የያዘቻቸው ከባባድ ቃላት ዝርዝር፣ ማታ ማታ ከተረኝነት መልስ ስታያቸው የከረመቻቸው ቪዲዮዎች። እሱን አይደለም የጠየቅኩሽ አልኳት። አንቺ በእጅሽ የጻፍሽው ስንት ነው? ጣሪያ ጣሪያውን እያየች ቆጠረች። የምትማርበት ማሰልጠኛ ሁለት ጊዜ የሙከራ ፈተና (ሞክ) ፈትኗቸዋል። አራት ገጽ ቢሆን ነው። ማን አነበበልሽ? የመጀመሪያው አልተመለሰም። ሁለተኛው ራስጌው ላይ ቁጥር ተጽፎበት ተመለሰ፤ ግርጌው ላይ ደግሞ «ግራመር አሻሽይ» ይላል።

ሦስት ወር የእንጀራ ቪዲዮ ስታይ የከረመች ልጅ ምጣድ ፊት ብትቀመጥ ዓይን ያወጣ እንጀራ ይወጣላታል? ይህን የማይጠይቅ እናት የለም። ለእንግሊዝኛ ጽሑፍ ሲሆን ግን ማንም አይጠይቅም። ገንዘቡን የከፈለው አባት አይጠይቅም፣ ገንዘቡን የተቀበለው ማሰልጠኛ አይጠይቅም፣ ተፈታኟም ራሷን አትጠይቅም።

እስቲ ማሰልጠኛዎቹን ልጠይቅ። አንድ ክፍል ውስጥ አርባ ሰው ሰብስባችሁ ፕሮጀክተር ታበራላችሁ። የጽሑፍ ፈተናው አንድ ሰዓት ነው፤ ሁለት ሥራ አለው። ታስክ ዋን ቢያንስ 150 ቃል፣ ታስክ ቱ ቢያንስ 250። ሁለተኛው የመጀመሪያውን እጥፍ ይመዝናል። ይህን ትናገራላችሁ፤ መልካም። ከዚያ ቴምፕሌቱ ይመጣል። መግቢያው ተጽፎ ያለቀ፣ መደምደሚያው ተጽፎ ያለቀ፣ መሃሉ ላይ ነጠብጣብ። ነጠብጣቡ ላይ ርዕሱን ሙሉ ትላላችሁ። ለመሆኑ ይህን ስታስተምሩ፣ የፈተናው ባለቤቶች ራሳቸው ያወጡትን የነጥብ መስፈርት አንብባችሁት ታውቃላችሁ?

መስፈርቱ ምስጢር አይደለም፤ ማንም አውርዶ ሊያነበው ይችላል። አራት ነገር ይመዝናል፤ ለጥያቄው የተሰጠውን ምላሽ፣ የሐሳቡን ፍሰት፣ የቃላቱን ሀብትና ሰዋስውን፤ አራቱም እኩል። ሙሉ በሙሉ ተሸምድዶ የመጣ መልስ መሆኑ ከተረጋገጠ 0 ነው ይላል። አያያዥ ቃላትን በተመለከተ ደግሞ፣ ከሁሉ የሚበልጠው ጽሑፍ አያያዡ ዓይን ውስጥ የማይገባ ነው ይላል። አያያዥ እንደ ሚስማር ራሱን አውጥቶ ከታየ፣ በዘፈቀደ ከተደረደረ፣ ነጥቡ ወደ ታች ይወርዳል። እናንተ ግን «ፈርዘርሞር»ን፣ «ሞርኦቨር»ን፣ «ኢን ሊዩ ኦፍ»ን በየዓረፍተ ነገሩ መግቢያ እንዲደረድሩ ታዛላችሁ። ፈታኙ ነጥብ የሚቀንስበትን ነገር በገንዘብ መሸጥ ምን ይባላል?

የነርሷን ወረቀት አምጪ አልኳት። ርዕሱ፣ መንግሥት ከማከም ይልቅ በሽታን ለመከላከል የበለጠ ገንዘብ ማውጣት አለበት ወይ የሚል ነው። ለነርስ ከዚህ የተሻለ ርዕስ ከየት ይመጣል? መግቢያዋ ግን «ኢን ዚስ ኮንቴምፖራሪ ኤራ፣ ኢት ኢዝ አን አንዲናየብል ፋክት ዛት» ብሎ ይጀምራል። እርሳስ አነሳሁና የትኛውም ርዕስ ላይ፣ ስለ መከላከልም ይሁን ስለ ሙዚየም፣ ስለ ሕዋ ምርምርም ይሁን ስለ ትራፊክ ሊለጠፍ የሚችለውን ዓረፍተ ነገር ሁሉ ሰረዝኩ። ከ271 ቃል 118 ቀረ። ከ118ቱ ውስጥ የእሷ ነው ብዬ የምምልበት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱም መጨረሻው ላይ፣ ሰዓቱ ሲያልቅባት ያመለጣት ይመስላል። እሷ ክፍል የሚመጡ ብዙ ሰዎች ስኳር እንዳለባቸው የሚያውቁት እግራቸው ቆስሎ፣ ቁስሉ አልድን ብሎ ሲመጡ ነው ትላለች።

«ይህን ለምን መጀመሪያ ላይ አላልሽውም?»

«ይሄማ የሥራ ወሬ ነው፣ ጋሼ። አካዳሚክ አይደለም ብዬ ነው።»

ማነው አካዳሚክ አይደለም ያላት? ታስክ ቱ ከገዛ እውቀትሽና ከገዛ ልምድሽ ምሳሌ አምጪ ብሎ በግልጽ ያዝዛል። በዓይኗ ያየችውን አስጥሎ የማያውቃትን ሰው ዓረፍተ ነገር በአፏ ያጎረሳት ማነው?

ከዚያ አንድ ነገር ሞከርኩ። ነገ ጠዋት ለምትረከብሽ ነርስ የምትተይውን ማስታወሻ ጻፊ አልኳት፤ በሽተኛውን ከልብሽ ፍጠሪው፣ እንግሊዝኛውን ግን ሁልጊዜ እንደምትጽፊው አድርጊው። በአራት ደቂቃ ጨረሰች። ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ነው፤ ሌሊቱን ደህና አደረ። 8 ሰዓት ላይ ትኩሳቱ ወረደ። ግሉኮሱ አልቋል፣ ሌላ አልተተካም። ሽንቱ ስለቀነሰ ጠዋት ሐኪም ይየው። ሁለት ቦታ «ዘ» ጎድሏል፣ አንድ ግሥ ጊዜው ተዛንፏል። ከዚያ በቀር ምን ይወጣለታል? አጭር ነው፣ ቅደም ተከተሉን ጠብቋል፣ አንድም ትርፍ ቃል የለበትም። እንዲህ የምትጽፍ ልጅ እንዴት 5.5 ታመጣለች?

ልዩነቱ ምን እንደሆነ ሁለታችንም ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አድርገን ስናይ ገባን። ማስታወሻው አንባቢ አለው። ጠዋት ዓይኗን እያሸች የምትገባ ሴት አለች፤ ማስታወሻው ካልገባት ሰው ይጎዳል። ድርሰቱ ግን ለማን ነው የተጻፈው? ለፈታኝ? ፈታኝ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ማን ነገራት? በትልልቅ ቃል የሚደነግጥ አንድ የሩቅ ጌታ አድርገው ስለውላታል፤ እሷም እጅ እየነሳች ጻፈችለት።

ፍርድ ቤት በር ላይ ጠረጴዛውን ዘርግቶ የሚቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ እንኳ፣ «ክቡር ሆይ» የሚለውን ራስጌ ከመጻፉ በፊት «ጉዳይህ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ቴምፕሌት ሻጩ ይህችን ታህል ጠይቆ ያውቃል?

ሁለት ቦታ «ዘ» ጎድሏል ያልኩትን ቀላል አድርጌ አላልፈውም። አማርኛ ውስጥ ያ ነገር ቃሉ ጅራት ላይ ነው የሚንጠለጠለው፤ ትኩሳት፣ ትኩሳቱ። እንግሊዝኛ ከፊት አውጥቶ ለብቻው ያቆመዋል። ስለዚህ የእኛ ሰው ሲጽፍ ይረሳዋል፤ አንዳንዴ ደግሞ የረሳውን ለመካስ በማይገባበት ሁሉ ይዘራዋል። ሌላም አለ። እኛ «መጥቶ፣ አይቶ፣ መድኃኒት አዝዞ፣ ፈርሞ ሄደ» ብለን አራት ሥራ በአንድ ትንፋሽ እናስኬዳለን፤ ግሡ መጨረሻ ላይ ሁሉንም ያስራል። ይህንኑ ትንፋሽ እንግሊዝኛ ላይ ስናመጣው በነጠላ ሰረዝ የተቀጣጠለ፣ መቆሚያ ያጣ ባቡር ይሆናል። እነዚህ የእኛ ስህተቶች ናቸው፤ የአማርኛ ተናጋሪ ስህተቶች። ከሌላ አገር ተጽፈው የሚመጡት ፋይሎች ስለነዚህ ምን ያውቃሉ? ከአሥራ አንዱ ውስጥ አንዱ እንኳ ይህን ነግሯት እንደሆነ ጠየቅኋት። አልነገራትም። «ግራመር አሻሽይ» ነው ያላት።

ታስክ ዋን ላይ ያለውም ያው ነው። ሠንጠረዥ ወይም ግራፍ ይሰጣል፤ ያየሽውን ንገሪኝ ይላል። ነርሷ እያንዳንዱን ቁጥር ከግራ ወደ ቀኝ ለቅማለች፣ አንድም ሳታስቀር። ጠቅላላው ምን ይመስላል የሚለውን ግን አልተናገረችም፤ መስፈርቱ ደግሞ ያ ከሌለ ለምላሹ ከ5 ብዙም ፈቀቅ ያለ ነጥብ አይሰጥም። የበሽተኛ የትኩሳት ቻርት ስታዪ እንዲህ ነው የምትናገሪው? ስላት ሳቀች። «ኧረ! ‹ከትናንት ጀምሮ እየወረደ ነው› ነው የምለው።» እና ምን ከለከለሽ?

ማሰልጠኛዎቹን ብቻ ብወቅስ ግን ውሸታም እሆናለሁ። እኔ ራሴ ለብዙ ዓመት የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበርኩ። አምስት ክፍል፣ በየክፍሉ ስልሳ ልጅ፤ ሦስት መቶ ደብተር። አንዱን ድርሰት በአሥር ደቂቃ ላርም ብል ሃምሳ ሰዓት ነው። በሳምንት ስንት ሰዓት አለኝ? ስለዚህ ምን አደረግኩ? ደብተሩን ገልጬ፣ ቀዩን ራይት አድርጌ፣ ፈርሜ መለስኩ። አላነበብኩም። ልጆቹም እንደማላነብ ያውቁ ነበር። አንዱ ቀልደኛ ድርሰቱ መሃል ላይ የአንድ እግር ኳስ ቡድን አሰላለፍ ጽፎ፣ ራይት ተደርጎለት፣ ለጓደኞቹ እያሳየ ሲስቅ ደርሼበታለሁ። በማን ይስቅ ነበር?

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ደግሞ ጥያቄውን ጨርሶ አጠፋው። የእንግሊዝኛው ፈተና ምርጫ ነው። ስለ አንቀጽ አጻጻፍ ቢጠየቅ እንኳ መልሱ ከአማራጮቹ አንዱን መምረጥ ነው። የተመረጠውን ማሽን ያርመዋል። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ በሚሰጥበት አገር፣ አንድ ልጅ አንድም ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ሳይጽፍ ዩኒቨርሲቲ መግባት ይችላል። ሲመረቅስ? የመውጫ ፈተናውም ምርጫ ነው። የመመረቂያ ጽሑፉን በተመለከተ፣ በየግቢው ዙሪያ ምሰሶ ላይ የሚለጠፈውን «ሪሰርች እንሠራለን» የሚል ማስታወቂያ ያላየ አለ?

ውጭ ማመልከት ሲመጣ ያው ዩኒቨርሲቲ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ይሰጣል፤ ተማሪው የተማረው በእንግሊዝኛ ነው ይላል። ደብዳቤው እውነት ነው፤ አንዳንድ የውጭ ዩኒቨርሲቲዎችም በእሱ ተቀብለው ፈተናውን ይተዉለታል። ግን ፈራሚው ብዕሩን ሲያነሳ፣ ይህ ልጅ አራት ዓመት ሙሉ የጻፈውን ሁለት ገጽ ማን አንብቦለታል ብሎ ራሱን ጠይቆ ያውቃል?

«እኛ ከጥንትም ሽምደዳ ነው የምናውቀው፤ ከቄስ ትምህርት ቤት የመጣ ልማድ ነው» የሚሉ አሉ። ንባብ ቤት ላይ ላይሳሳቱ ይችላሉ። ቅኔ ቤትን ግን ረስተውታል። የቅኔ ተማሪ በሁለት ቤት ይጀምራል፤ ጉባኤ ቃና። ለብቻው ሆኖ ይቆጥራል፣ ይዞት መጥቶ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩ ሰምቶ ያርመዋል። በማግሥቱ አዲስ ይዞ ይመጣል። የሌላውን ቅኔ አምጥቶ የራሱ አስመስሎ ቢናገር ምን እንደሚባል የዚያ ቤት ሰው ያውቀዋል። ቴምፕሌት የሚባል ነገር እዚያ ቤት ቢገባ ቆሞ ይሄዳል? እና የተውነው የትኛውን ነው፣ የያዝነውስ የትኛውን?

አሁን ደግሞ ወደ ፈተናዎቹ ባለቤቶች። እነሱም ነጻ አይደሉም። አይኤልትስ በዚህ ስሙ ከ1989 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አለ፤ ሦስት ድርጅቶች በጋራ የያዙት፣ ዓለምን ያዳረሰ ንግድ ነው። ውጤቱ ሁለት ዓመት ያገለግላል፤ ከዚያ በኋላ ድጋሚ ክፈሉ። ችሎታ ይደበዝዛል ነው ምክንያቱ። ሁለት ዓመት ሙሉ በእንግሊዝኛ የበሽተኛ ካርድ ስትጽፍ የኖረች ነርስ ችሎታዋ ደበዘዘ ወይስ ተሳለ? ይህንን ለይቶ የሚያውቅ ማን ነው?

የነርሶቹ ምክር ቤት በጽሑፍም 7 ይጠይቅ ነበር። በ2018 (እ.ኤ.አ.) ጽሑፉን ብቻ ለይቶ ወደ 6.5 አወረደው። ከዚያ በፊት በ6.5 የቀሩት ነርሶች መጥፎ ነርሶች ነበሩ? በዚያች ግማሽ ነጥብ ስንቱ ሰው ዓመት አጣ፣ ስንቱ ድጋሚ ከፈለ? እኛ ዘንድ ደግሞ ክፍያው ሌላ ጣጣ አለው። እንደ ቶፍል ያለው የእንግሊዝኛ ፈተና በዶላር ይተመናል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ መቶን አለፈ። ፈተናው ያው ፈተና ነበር፤ የነርሷ ደመወዝም ያን ጊዜ ያው ደመወዝ። ሦስተኛ ሙከራ ለእሷ ከስንት ወር ቀለብ ይነሳል?

ቶፍል ላይ ደግሞ ሌላ የሚያስቅ ነገር አለ። እስከ 2023 (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ድረስ የ30 ደቂቃ ድርሰት ነበረው፤ በዚያ ዓመት ሐምሌ ላይ አንስተው በ10 ደቂቃ ቢያንስ 100 ቃል የሚጻፍበት የክፍል ውይይት ተኩበት። የቀድሞው ድርሰት ቴምፕሌት ግን እስከ ዛሬ ሲዘዋወር አያለሁ። ቤቱ ፈርሶ ቁልፉ ይሸጣል። ለእርማቱም ከሰው ጎን ኢ-ሬተር የተባለ ማሽን ሲሠራበት ቆይቷል። ኤምአይቲ ጽሑፍ ያስተምር የነበረው ሌስ ፐርልማን በ2014 (እ.ኤ.አ.) ከተማሪዎች ጋር ሆኖ ባቤል የምትባል ፕሮግራም ሠራ፤ ሁለት ሦስት ቃል ሲሰጧት ትርጉም የሌለው፣ ግን በከባባድ ቃላት ያጌጠ ድርሰት ትተፋለች። አውቶማቲክ ማረሚያዎች ከፍተኛ ነጥብ ሰጧት። ታዲያ ቴምፕሌት ሻጩ «እኔ ምን አጠፋሁ?» ቢል መልሱ ምንድን ነው? ሰው የሌለበት ወንበር እንዳለ ገብቶት ይሆን?

አይኤልትስ ላይ ግን ጽሑፉን የሚያርመው ሰው ነው። ሰው ደግሞ «ኢን ዚስ ኮንቴምፖራሪ ኤራ»ን በቀን ለስንተኛ ጊዜ ሲያነበው ፊቱ ምን እንደሚመስል መገመት ያቅታል?

«ቻትጂፒቲ ያርምልኛል» አለችኝ ነርሷ። ጥሩ፤ ስህተትን ማሳየቱ አይከፋም፣ እኔን ከመጠበቅ ይሻላል። አርሞልሽ ያውቃል? አያውቅም አለች። ጻፍልኝ ብላ ነው የምትጠይቀው፤ እሱ ይጽፋል፣ እሷ ታነባለች፣ ታደንቃለች፣ ፋይሉ አሥራ ሁለተኛ ይሆናል። ማሽኑ እየጻፈ ሰው የሚያነብ ከሆነ፣ ፈተናው ቀን ኪቦርዱ ፊት የሚቀመጠው ማነው? ኪቦርድ ስል፣ በኮምፒውተር ለመፈተን ከተመዘገብሽ ልምምድሽን ሁሉ በስልክ፣ በሁለት አውራ ጣት ማድረግሽስ? በ40 ደቂቃ 250 ቃል በአሥር ጣት መምታት የጽሑፍ ችሎታ ባይሆንም አለመቻሉ ነጥብ ይበላል። ይህንንም የነገራት አልነበረም።

ያን ዕለት ተስማማን። በሳምንት ሁለት ገጽ ታመጣለች። እኔ ነጥብ አልሰጥም፤ ባንድ ስንት ነው ብላ እንዳትጠይቀኝ። ያልገባኝ ቦታ ላይ አልገባኝም ብዬ እጽፋለሁ፣ እሷ ያንኑ ገጽ ደግማ ትጽፈዋለች። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አስቸጋሪ ነበሩ። ቴምፕሌቱ እንደ ጉንፋን ይመለሳል፤ አንዴ መደምደሚያ ላይ፣ አንዴ መግቢያ ላይ። «ጋሼ፣ ያለ እሱ ባዶ ሆኖ ይታየኛል» ትለኝ ነበር። ባዶ ሆኖ የሚታያት ምኑ ነው? የገዛ ድምፅዋ?

ባለፈው ወር ሦስተኛውን ተፈተነች። ጽሑፍ 6 መጣላት። ግማሽ ነጥብ ቀራት። አልቅሳ ትመጣለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ወረቀት ይዛ ነው የመጣችው። የሚቀጥለውን መቼ ነው የምትፈተኝው ብላት «ብሩ ሲሞላ» አለች።

ትናንት ያመጣችው ገጽ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። የሌሊት ተረኝነት የሠራተኛን ጤና ይጎዳል ወይ የሚል ርዕስ ነው። የሚጀምረው ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ መድኃኒቱን ከመስጠቷ በፊት መጠኑን ሦስት ጊዜ ካየች በኋላ አራተኛ ለማየት ስለተመለሰች ነርስ ነው። ስድስተኛው መስመር ላይ «ሺ» የሚለው ነርሷን ይሁን በሽተኛዋን አልለየሁትም። ከጎኑ፣ በእርሳስ፣ «ማን?» ብዬ ጽፌበታለሁ።